እባካችሁ ሻንጣዬን ተዉልኝ

ጀርመን ልጄ ጋ ልሄድ መሆኑ ደብረ ብርሃን ላይ ከተሰማ ወዲህ ቤቴ ሰው አይጠፋበትም። ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ አብሮ የሚመጣው ፌስታል ነው። "እትዬ፣ እፍኝ ነገር ናት፤ ለልጄ ያድርሱልኝ።" እፍኝ የተባለችው ስትመዘን ሦስት ኪሎ በርበሬ ሆና ትገኛለች። ከመንዝ የመጣ ዘመድ ደግሞ ዝተት ተሸክሞ ይገባል። ዝተት! ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ብቻውን አንድ ሻንጣ የሚሞላ። ልጁ እኮ የሚኖረው ማሞቂያ ያለው ቤት ውስጥ ነው።

ወጣት ወንድ ባሕር ማዶ ሲሄድ "ራስህን ጠብቅ" ብለው ይሸኙታል። እናት ስትሄድ ግን ሻንጣዋ የሰፈሩ ሁሉ ነው። እምቢ አትልም ተብላ ትታሰባለች። እምቢ ካለች ደግሞ "ልጇ ውጭ ስላለች ናቀችን" ትባላለች። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ሳልንቃቸው ንቀሻል መባሌ።

"ተፈቅዶልሽ የለ እንዴ!" ይሉኛል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ሁለት ሻንጣ ከተፈቀደ 46 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል ሊሞላ የቀረው አራት ኪሎ ነው። ለአውሮፕላኑ ተፈቀደ፤ ለወገቤ ማን ፈቀደለት?

መንገዱን እስቲ አስቡት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሻንጣው መኪና ላይ ሲጫን ሰው መለመን አለ፤ ሲወርድም መለመን አለ። ቦሌ በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ አንስቶ ማሽኑ ላይ መጫን ነው። ከዚያ ሚዛን። ኪሎው አለፈ ከተባለ እዚያው መሬት ላይ ሻንጣ ተከፍቶ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየ፣ የውስጥ ልብስን ከሽሮ መለየት ነው። በዚህ ዕድሜ! ሰባት ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ እግር አብጦ ከተወረደ በኋላ ደግሞ ያንኑ ሻንጣ እንደገና ፈልጎ መጎተት። ዊልቸር አስቀድሞ ከተጠየቀ ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን የሚገፉት እኔን ነው እንጂ የሰፈሩን አደራ አይደለም።

ቅቤው ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት ከሌላ አገር የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ቅቤ አይገባም። አይብ አይገባም። ቋንጣም አይገባም። በኮረሪማ የተነጠረ ነው፣ እናት የላከችው ነው ቢባል የሚሰማ የለም። ተወስዶ ይጣላል። ያቺ እናት ከወር ወጪዋ ቀንሳ፣ ገበያ ወርዳ መርጣ የገዛችው ቅቤ ሲጣል ቆሜ የማየው እኔ ነኝ። "ደረሰለት ወይ?" ብላ ስትደውልም የምመልሰው እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ደግሞ ተሰፍቶ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ የሚመጣ ዕቃ አለ። "ሻይ ቅጠል ነው፣ አይክፈቱት" ይባላል። የደረቀ ጫት ቢሆንስ? ጫት ጀርመን ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ ወይ ያዘጋጀሽው ተብዬ ስጠየቅ አፌን ሞልቼ አዎ ማለት እፈልጋለሁ። ቋንቋቸውን አልችልም። ሌላ ሰው ሰፍቶ ለሰጠኝ ከረጢት ምን ብዬ እከራከራለሁ?

እኔ የሚያስፈልገኝ ትንሽ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴ ከነካርቶኑና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር በእጅ ቦርሳዬ ይገባል፤ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል፣ መድኃኒት ግን መጥፋት የለበትም። ሁለት የዘወትር ቀሚስ፣ ለቤተ ክርስቲያን አንድ የሀበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሹራብ። ጋቢዬን ለብሼ ነው የምሳፈረው፤ አውሮፕላን ውስጥ ብርድ ልብሴም እሱ ነው። ጫማዬ ሰፋ ያለው፣ እግሬ ሲያብጥ የማይጨንቀኝ። ስለ ብርዱ ለሚያስቡልኝ፣ ካፖርት ልጄ ጋ አለ። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም አላት። ለእሷ ራሴ ያዘጋጀሁት ሽሮና ትንሽ ዳቦ ቆሎ ይዤላታለሁ። በቃ። ጤፉም በርበሬውም እዚያ ፍራንክፈርት የሀበሻ ሱቅ ይሸጣል።

ውጭ ያላችሁ ልጆችም አላችሁበት። "እማዬ፣ የሚመጣ ሰው የለም ወይ?" እያላችሁ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ። ናፍቆታችሁ ይገባኛል። የእናት ሽሮ ከሱቅ ሽሮ ጋር አንድ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን ያንን የሚሸከመው የሌላ ሰው እናት ጉልበት ነው። ካርጎ አለ፣ ፖስታ ቤት አለ። የሚገባና የማይገባውን ጠይቁ፣ ክፈሉና አስልኩ። ስመለስም "ይቺን ስልክ ብቻ፣ ይቺን ጫማ ብቻ" ብላችሁ የመልሱን መንገድ አታስመርሩብኝ።

የምሄደው ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ነው። ልትሰናበቱኝ ኑ። ቡና አለ፣ ጠላም አለ። ፎቶ ያለው፣ ደብዳቤ ያለው ይስጠኝ። በቃል የሚላክ መልእክት ካለም አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። በርበሬ ግን ከማንም አልቀበልም።