ገብስ የሌለበት ቢራ ለምን አይጠመቅልንም?

ሜክሲኮ አካባቢ ከሥራ በኋላ የምንቀመጥበት አንድ ግሮሰሪ አለ። አስተናጋጇ ማንንም ሳትጠይቅ ጃምቦዎቹን ትደረድርና እኔ ጋ ስትደርስ «ያንተ ያው አምቦ ውሃ ነው አይደል?» ትለኛለች። ሴሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለብኝ በደም ምርመራና ከአንጀቴ በተወሰደ ናሙና ከተረጋገጠ ሦስት ዓመት አልፎኛል። እንደ እኔ ያለ ሰው ያለ ስጋትና ከአቅሙ ሳይወጣ የሚጠጣው አንድ ቢራ በዚህች ከተማ ማጣቱ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም ያንን ቢራ ለመጥመቅ የሚያስፈልገው እህል በሙሉ በገዛ ማሳችን ላይ የሚበቅል ነው።

ብዙ ሰው ሕመሙን ከአለርጂ ጋር ያምታታዋል። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የሴሊያክ ሕመምተኛ ይህንን ሲመገብ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ይዘምትበታል፤ ምግብን መጥጠው ወደ ደም የሚያሳልፉት ጥቃቅን ጣት መሰል ክፍሎችም እየተጎዱ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ደም ማነሱ፣ የአጥንት መሳሳቱና የማይለቅ ድካሙ ይከተላል። መድኃኒት የለውም፤ ያለው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው። «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የሚፈቅደው ጣሪያ በአንድ ኪሎ 20 ሚሊግራም ስለሆነ፣ «አንድ ጠርሙስ ምን ያደርግሃል?» የሚለው የወዳጅ ግብዣ ለእኔ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ወዳጆቼ መላ ሲፈልጉልኝ መጀመሪያ የሚጠቁሙኝ አልኮል የሌለበትን የማልት መጠጥ ነው። ማልት ማለት ግን ብቅል ነው፤ ያም ብቅል በአብዛኛው የገብስ ነው፤ ስለዚህ አልኮሉ ቢቀርም ግሉተኑ አይቀርም። ሌሎች ደግሞ ወይን ወይም ጠጅ ጠጣ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ወይን ከወይን ፍሬ፣ በወጉ የተጣለ ጠጅም ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ የሚዘጋጅ በመሆኑ ሁለቱም አይጎዱኝም። ይሁን እንጂ በዚህ ከተማ ከሥራ መልስ የሚገናኝ ሰው የሚገናኘው በቢራ ነው፤ ለቅሶ ደርሶ የሚመለሰውም፣ ልጁን ያስመረቀውም፣ ኳስ ሊያይ የተሰበሰበውም እንደዚያው። እዚያ መሐል ለብቻው ወይን የሚያዝ ሰው ወይ ኩራተኛ ይመስላል፣ ወይ ለሒሳቡ ይሳቀቃል።

ወደ ጠላ ያመራሁት ለዚህ ነበር። ግንፍሌ የሚኖሩት አክስቴ በየበዓሉ ይጠምቃሉ። «ብቅሉ የምንድን ነው እትዬ?» ብዬ ስጠይቃቸው «የገብስ ነዋ፣ የምን ሊሆን ኖሯል?» አሉኝ። ሕመሙን ቁጭ ብዬ ካስረዳኋቸው በኋላ ግን ነገሩን ከእኔ በላይ ያዙት። ዳጉሳ ገዝተው አጠቡ፣ ዘፈዘፉ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍነው ማዕድ ቤት ጥግ አስቀመጡት፤ ከቀናት በኋላ ቅጠሉን ገልጠው ሲያሳዩኝ እያንዳንዷ ቀይ ፍሬ ነጭ ሥር አውጥታ እርስ በርስ ተያይዛ ነበር። ፀሐይ ላይ ካደረቁት በኋላ ወደ ወፍጮ ቤት ሊልኩት ሲሉ ከለከልኳቸው፤ የሰፈር ወፍጮ ከእኛ በፊት የማንን ስንዴና ገብስ እንደፈጨ አይታወቅምና ብቅሉ በሙቀጫ ተወቀጠ። እንኩሮውንም ከማሽላ ዱቄት አደረጉት። ለዓመታት የገብስ ጠላ የኖረበት ጋን በወይራ ቢታጠንም በሸክላው ውስጥ የገባው ሁሉ አይለቅም ብዬ ስለሰጋሁ ድፍድፉ አዲስ በተገዛ የፕላስቲክ ጀሪካን ውስጥ ተቀመጠ። ጠላው ጠቆር ያለ፣ ጌሾው የበረታ፣ ለስለስ ያለ ነበር፤ ሁለት ጣሳ ጠጥቼ ሌሊቱን በሰላም አደርኩ። እንዲህ ያለ ድካም ግን በየሳምንቱ ከአንዲት አሮጊት አክስት የሚጠበቅ አይደለም፤ ጠላ ከሚሸጥበት ቤት ገብቶም ብቅሉ፣ ወፍጮውና ጋኑ ምን እንደነካው ማረጋገጥ አይቻልም።

በሌሎች አገሮች ነገሩ በፋብሪካ ደረጃ ከተጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንሁዘር ቡሽ የተባለው የአሜሪካ ጠማቂ ሬድብሪጅ የሚባል የማሽላ ቢራ ለገበያ አቀረበ፤ የካናዳዋ ሞንትሪያል ጠማቂ ግሉተንበርግ ሚሌት ከተባለው የዳጉሳ ዓይነት ደቃቅ እህልና ባክዊት ከሚባል ግሉተን የሌለው ፍሬ ይጠምቃል። ከእነዚህ የሚለይ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እንደ ስፔኑ ዳውራ ያሉት ከገብስ ተጠምቀው ግሉተናቸው እንዲሰባበር የተደረጉ ናቸው። የእነዚህኛዎቹ ችግር፣ ፕሮቲኑ በመፍላት ሒደት ከተቆራረጠ በኋላ ቁርጥራጩ ስንት እንደቀረ በአስተማማኝ ሁኔታ መለካት አዳጋች መሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ደንብ፣ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጽሑፍ የሚለጠፍበት የፈላ ምግብ ከመፍላቱ በፊትም ከግሉተን ነፃ መሆን እንዳለበት የወሰነው በዚህ የተነሳ ነው። አውሮፓ ግን ልኬቱ ከ20 ሚሊግራም ካላለፈ ይፈቅዳል። እኔ የአሜሪካኑን ጥንቃቄ እመርጣለሁ፤ ገብስ ያልነካው ቢራ እያለ በተሰባበረ ገብስ አንጀቴን ልፈትን አልሻም።

እነዚህን ቢራዎች የቀመስኳቸው ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች በሻንጣ ሲያመጡልኝ ነው፤ አንዱ ጣሳ ከነሻንጣው ኪሎ ሲታሰብ እዚህ ጓደኞቼ ከሚጠጡት ቢራ የአራት የአምስቱን ዋጋ ያወጣል። በተጠመቀበት አገርም ቢሆን ርካሽ አይደለም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። የገብስ ብቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ኢንዛይም በብዛት ይዞ ይመጣል፤ ገለባውም በማጥለያው ላይ ወንፊት ሆኖ ያገለግላል። ማሽላ ግን ስታርቹ እስኪላላ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ኢንዛይም ይጨመርበታል፤ ዳጉሳና ጤፍ ደቃቅና ገለባ የሌላቸው በመሆናቸው ማጥለሉ ያስቸግራል። በዚያ ላይ የተለየ መስመር፣ የተለየ ማከማቻና በየጊዜው የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ይሁንና የእኛ አህጉር ይህንን በማሽላ የመጥመቅ ጥበብ ከአውሮፓ መማር አያስፈልገውም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1988 የገብስ ብቅል እንዳይገባ ስትከለክል ታላላቆቹ ፋብሪካዎቿ ፊታቸውን ወደ ማሽላና በቆሎ አዞሩ። በኡጋንዳ ኢግል የተባለው ቢራ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከአገሬው ማሽላ ይጠመቃል፤ ኬንያም ከማሽላና ከመሰል የአገር ውስጥ ሰብሎች ለሚጠመቅ የበርሜል ቢራ የኤክሳይስ ታክስ ቅናሽ ስለሰጠች ዋጋው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚችለው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 ቅናሹ በግማሽ ሲቀነስ ሽያጩ አሽቆለቆለ፤ ማሽላ አምራቹ ገበሬም ገበያ አጣ። እነዚህ ቢራዎች ለሴሊያክ ሕመምተኛ ታስበው አልተጠመቁም፤ ማንም እነርሱን አምኖ እንዲጠጣ አልመክርም። የሚያሳዩት ግን በማሽላ በብዛትና በተመጣጣኝ ዋጋ መጥመቅ እንደሚቻልና ዋጋው በታክስ ፖሊሲ እንደሚወሰን ነው።

ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ቢራ በሚጠመቅባት አዲስ አበባ፣ በዙሪያዋም ይህን ያህል ፋብሪካ እያለ፣ አንዱ እንኳ በትንሽ መጠን የማሽላ ወይም የዳጉሳ ቢራ ቢሞክር የሚገዛው የሴሊያክ ሕመምተኛ ብቻ አይሆንም፤ የጎጃም ዳጉሳ ጠላ የሚናፍቀው ሰው ብዙ ነው። ገንዘብና ማሽን የማይጠይቅ፣ ነገ ሊጀመር የሚችል ነገርም አለ። እዚህ በምገዛቸው ጠርሙሶች ላይ ብዙ ጊዜ የማነበው «ብቅል» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ የገብስ ይሁን የስንዴ አይናገርም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ እና የደረጃዎች ኢንስቲትዩቱ የብቅሉ እህል በስሙ እንዲጻፍ ቢያስገድዱ፣ «ከግሉተን ነፃ» ለሚለው ጽሑፍም የ20 ሚሊግራሙን ጣሪያና ከገብስ መስመር የተለየ አጠማመቅን መስፈርት ቢያደርጉ፣ ጠማቂውም ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል፣ እኔም መለያውን አምኜ እከፍላለሁ። ዋጋው ከጓደኞቼ ቢራ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን እንኳ ቅሬታ የለኝም።