መተንበይ አይቻልም ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የምርምር በጀት ጉዳይ ተነሥቶ አንድ እንግዳ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ኬኦስ የሚባለውን፣ ትንሽ የመነሻ ልዩነት እንዴት እያደገ እንደሚሄድ የሚመረምረውን ሒሳብ የሚያጠኑት ሰዎች ራሳቸው የአየር ጠባይን መተንበይ እንደማይቻል ደምድመዋል፤ አይቻልም ብሎ ለደመደመ ዘርፍ ደግሞ ደሃ አገር ገንዘብ የምታወጣበት ምክንያት የለም አሉ። አዘጋጁም «አዎ፣ የቢራቢሮዋ ነገር» ብሎ፣ የአንዲት ቢራቢሮ ክንፍ መርገብገብ ሩቅ አገር ማዕበል ሊያስነሣ ይችላል የሚባለውን ማለቱ ነው፣ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ሒሳብ አስተምራለሁና እኔ ማለፍ አልሆነልኝም።

የተባለው የእውነቱ ተቃራኒ ነው። እስኪ የቢራቢሮዋ ታሪክ ከየት እንደመጣ እንይ። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የሜትሮሎጂ ተመራማሪ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. በአሥራ ሁለት እኩልታዎች የተዋቀረ ቀለል ያለ የአየር ጠባይ በኮምፒውተር እያሠራ ሳለ አንዱን ውጤት ደግሞ ማየት ፈለገ። ቁጥሮቹን ከታተመው ወረቀት ገልብጦ ከመሀል አስጀመረና ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ አዲሱ ውጤት ከበፊቱ ጋር ጭራሽ አይመሳሰልም። መጀመሪያ የጠረጠረው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ነበር። ጉዳዩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ኮምፒውተሩ በሆዱ 0.506127 ብሎ የያዘውን ወረቀቱ ላይ 0.506 ብሎ ነበር ያተመው፤ ውጤቱን ሁሉ የለወጠው ይህች ትንሽ ልዩነት ናት።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ሎሬንዝ ግን አላቆመም፤ ልዩነቱ እንዴት እንዳደገ ለካ። በዚያ ሞዴል ውስጥ ስሕተቱ በየአራት ቀኑ ገደማ እጥፍ ይሆን ነበር። የአራጣ ዕዳ ማለት ነው። በየአራት ቀኑ እጥፍ የሚሆን ዕዳ ያለበት ሰው ዋናውን በግማሽ ቢቀንስ የሚያገኘው ፋታ አራት ቀን ብቻ ነው፤ ወደ ሩብ ቢያወርደው ስምንት ቀን። መለኪያችንን ባሻሻልን ቁጥር ስንት ቀን እንደምናተርፍ፣ የቱ ጋ ስንደርስ ልፋታችን ፍሬ እንደማይሰጥ የሚነግረን ይህ ስሌት ነው። ዕዳው መቼ ከአቅም በላይ እንደሚሆን ቀኑን ቆርጦ የነገረንን ሰው «ምንም አላውቅም ብሏል» ማለት ምን የሚሉት አሰማም ነው?

ትንበያ ሠሪዎቹ ከዚህ ተምረው ምን እንዳደረጉም እንግዳው ሊያውቁት ይገባ ነበር። በታኅሣሥ 1992 እ.ኤ.አ. የአውሮፓም የአሜሪካም ትላልቅ የትንበያ ማዕከላት በአንድ ትንበያ መታመናቸውን ተዉ። መነሻውን በትንሽ በትንሹ እያዛቡ ብዙ ትንበያ ጎን ለጎን ማስኬድ ጀመሩ፤ የአውሮፓው ማዕከል ዛሬ 51 ያስኬዳል። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ሲሄዱ እምነት ይጣልበታል፤ ሲበታተኑ ጥንቃቄ ይደረጋል። ስሕተት እንዴት እንደሚያድግ የሚያጠናው ሒሳብ ባይኖር በየትኛው አቅጣጫ ማዛባት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ነበር።

«ኬኦስ» የሚለው ስም መጥፎ መሆኑን አምናለሁ። «ትርምስ» ብለን ስንተረጉመው ሕግ የጠፋበት ዓለም ይመስላል፤ በእነዚህ እኩልታዎች ውስጥ ግን ዕጣ የሚባል ነገር የለም። መነሻው በትክክል አንድ ከሆነ መድረሻውም አንድ ነው። ከስሙ ጉዳይ በላይ ግን ለእንግዳው የማምንላቸው ነገር የለም።

ደሃ አገር የተባለውስ? እዚህ ላይ ነው ንዴቴ የሚብሰው። «መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለውን የክረምት ትንበያ የማይሰማ ኢትዮጵያዊ ገበሬ የት አለ? የነገ ሳምንት ዝናብ በሚያስቸግርበት ዓለም የሦስት ወር ትንበያ የሚቻለው አየሩ ቢለዋወጥም ከሥሩ ያለው ውቅያኖስ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ማርክ ኬን እና ስቲቨን ዘቢያክ የፓሲፊክ ውቅያኖስንና አየሩን ባጣመሩ ጥቂት እኩልታዎች ኤልኒኖ፣ ማለትም የውቅያኖሱ ውኃ ከወትሮው የሚሞቅበት ክስተት፣ እንደሚመጣ ቀድመው ተናገሩ፤ መጣም። ኤልኒኖ የደጋውን የክረምት ዝናብ ምን እንደሚያደርገው በ2007 ዓ.ም. አይተናል፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ ተዳርጓል። የእንዲህ ያለ ሥርዓት ሒሳብ ለማን ያስፈልጋል? ሰብሉን በመስኖና በኢንሹራንስ ላስተማመነ አገር ነው ወይስ ሰማይ ቀና ብሎ ለሚያይ?

«ደምድመዋል» የሚለውም ሐሰት ነው። ሎሬንዝ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ የሦስት እኩልታዎች መፍትሔ የሚሥለው ሥዕል፣ በኮምፒውተር ስሕተት የመጣ ሳይሆን በእርግጥም ያለ መሆኑ በሒሳብ የተረጋገጠው በ1999 ነው፤ ያረጋገጠውም ዋርዊክ ታከር ነው። ለሦስት እኩልታዎች 36 ዓመት። ሥራው ገና መንገድ ላይ ነው።

ስለ ገንዘብም ከተነሣ ፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅ ፖይንካሬን ላስታውስ። በ1889 እ.ኤ.አ. ስለ ሰማይ አካላት እንቅስቃሴ በጻፈው ጥናት የስዊድኑን ንጉሥ የኦስካርን ሽልማት፣ 2,500 ክሮነር፣ አሸነፈ። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ከባድ ስሕተት አገኘበት። ማሳተሚያውን 3,585 ክሮነር ከኪሱ ከፍሎ እንደገና አሳተመው፤ ዛሬ ኬኦስ የምንለው ነገር መጀመሪያ የታየው በዚያ እርማት ውስጥ ነው። የዝናብ ትንበያን ይጠቅማል ብሎ የከፈለ አልነበረም። ሎሬንዝ የመጣው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። «ለአሁኑ ችግራችን ምን ይፈይዳል?» እያሉ ይህን ዘርፍ በየዓመቱ ቢጠይቁት ኖሮ ከሰባው ዓመት በየትኛው ላይ ያባርሩት ነበር?

በጀቱን መቁረጥ የፈለገ ይቁረጥ፤ ገንዘብ የለንም ይበል፣ ሌላ ይቀድማል ይበል፣ እንከራከራለን። ሎሬንዝን ግን ለዚህ ምስክር አድርጎ አይጥራው።