ለክቡር ሲስተም፣ ባሉበት

ቁጥር፦ የለውም (ቁጥር የሚሰጡት እርስዎ ነዎት)
ጉዳዩ፦ ከ3ኛ መስኮት 5ኛ መስኮት መድረስ ስላቃተዎት

ክቡር ሆይ፣ ድሬዳዋ ተወልዶ ላደገ ሰው አንቱታ አይሆንለትም። እኛ ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» እያልን ነው የኖርነው። ለእርስዎ ስል ግን ተምሬዋለሁ። «ሲስተም የለም» በተባለ ቁጥር አዳራሽ ሙሉ ሰው እንደ ቅዳሴ ቆሞ ዝም የሚልለት ሌላ ባለሥልጣን አላውቅማ።

መጋላ ውስጥ ቬንትሌተርና ስታብላይዘር እጠግናለሁ። ሙቀቱና ከፍ ዝቅ የሚለው ቮልቴጅ ይመስገኑ፣ ሥራ አላጣም። አመሻሽ ላይ ደግሞ አጭር ሞገድ አዳምጣለሁ። ጣቢያዬ ያረጀ መቀበያ፣ የመኪና ባትሪና ከጣሪያው እስከ ኒም ዛፉ የተወጠረ 10 ሜትር ገደማ ሽቦ ናት፤ ለ14 ሜጋኸርዝ፣ ሬዲዮ ወዳዶች ከአገር አገር ለሚነጋገሩበት ሞገድ፣ ልኳ ነው። አላስተላልፍም፤ ማስተላለፍ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃድ ፎርም ይፈልጋል፣ ፎርሙ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። በዚያች ሽቦ ግን አንድ ጃፓናዊ በ100 ዋት የላከው ድምፅ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አዮኖስፌር (ሞገድ ወደ ምድር ከሚመልሰው የሰማይ ንጣፍ) እየነጠረ፣ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይደርሰኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የሬዲዮ ወዳዶች ክበብ ጣቢያ በመለያ ስሙ «ኢቲ3ኤኤ» ብሎ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። (መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ይራገማል፤ እኔ ደስ ይለኛል። የጎረቤቶቼ ርካሽ ቻርጀሮች ሁሉ ስለሚያርፉ ሞገዱ ጥርት ይላል። ይህን ለጎረቤቶቼ እንዳይነግሩብኝ።)

ማክሰኞ ዕለት የእህቴ ልጅ ከውጭ የላከልኝን ትንሽ ሬዲዮ ልረከብ ሱቄን ዘግቼ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ያውቁታል፤ የሌሉበት ነው። 3ኛ መስኮት ያለው ልጅ ወረቀቴን አየና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሬዲዮ? የምን ሬዲዮ? መገናኛ ነው?»
«አይደለም፣ መቀበያ ነው።»
«ሪሲቨር? ታዲያ ዲሽ ነዋ!»
«ዲሽም አይደለም። የሩቅ አገር ሰዎች ሲያወሩ አዳምጥበታለሁ።»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንዱ «አቦ፣ ይሄ ሰላይ ነው!» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን አልሳቀም። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ቀበሌው ምን ብሎ ይጻፍልኝ? «ነዋሪያችን ጆሮ ያላቸው መሆኑን እንገልጻለን»?

እየተጨቃጨቅን ሳለ እርስዎ ጠፉ። መብራት አለ፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ የሌሉት እርስዎ ብቻ። ሰዓት ሄደ፤ ግማሹ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወጣ። በመጨረሻ ልጁ ሰላይነቴን ረሳውና «አንተ የሬዲዮ ሰው አይደለህ? ና እስቲ እያት» አለኝ። በታጠበው ሸሚዝ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። አቧራ፣ የጫት ገረባ፣ ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ፤ ከዚያ ሁሉ መሀል አንዲት የኔትወርክ ገመድ ጫፏ ወልቆ ተጋድማለች። ሰካኋት፤ ቀጭ አለች። እርስዎም ተመለሱ። ሰው አጨበጨበልኝ። ጉልበቴን እያራገፍኩ ስነሳ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።

«ተራህ አልፏል። አዲስ ቁጥር ያዝ።»

ያዝኩ። ከምሳ በኋላ ደረሰኝ። ልጁ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈና «ሲስተሙ አይቀበልም» አለ። ዝርዝርዎ ውስጥ ሬዲዮ የሚባለው ወይ የመኪና ነው ወይ የጥበቃ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጃፓን የሚሰማ ሰው ገና አልተመዘገበም። ከአቧራ ያነሳሁዎት እኔ ነኝ እኮ!

የእኔስ ይሁን፣ ሸሚዝ ይታጠባል። ገመዷ ሳትሰካ በፊት ግን አንዲት እናት ነበረች፤ ከገጠር የመጣች፣ ልጇ የላከላትን የስኳር መድኃኒት ልትወስድ። «ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ» ሲላት «ይቅርታ ልጄ፣ አስቸገርኩህ» ብላው ወጣች። ማን ነው ማንን ያስቸገረው? የመኪናዋን ማን ይከፍልላታል? የጠፋኸው አንተ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ! አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛ ሥር ማየት ስለከበደው ነው ያቺ ሴት ባዶ እጇን የተመለሰችው። አንተ መሣሪያ አይደለህም፤ ጎንበስ ማለት ያልፈለገ ሁሉ የሚደበቅብህ መጋረጃ ነህ። አንቱታዬንም ወስጃለሁ።

ባንክ ቤት የገዛ ገንዘቤን ስታስለምነኝ የዋልክበትን ቀን አላነሳም። ፎቶ ኮፒውንም ትቼዋለሁ። ግን አጭር ሞገድን የምታበረታውና የምታደክመው ፀሐይ እንኳ 11 ዓመት ገደማ ዑደት አላት፤ ሞገዱ መቼ እንደሚደክም ተሰልቶ ይነገረናል። ያንተን መጥፋት የሚያውቅ ዘበኛው ብቻ ነው፤ ገና በር ላይ «ዛሬ አትድከሙ» ይላል። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የስልክ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ካንተ የምንለምነው ሁለት መስኮት ነው።

ሬዲዮዬ አሁንም መጋዘናችሁ ውስጥ ናት። ቢያንስ ባትሪዋን አውጡላት፤ በዚህ ሙቀት ያብጣል።

ግልባጭ፦
ለ5ኛ መስኮት (3ኛው ካደረሰው)
ለቀበሌያችን (ጆሮዬን መጥቶ እንዲያጣራ)