ማጣሪያው የታለ?
አሁንስ በቃኝ! እዚህ ዴንቨር ተጎታች የሚጎትትልኝ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ስፈልግ ይኸው 3 ወር ሆነኝ። ዛሬ አምስተኛውን መኪና ለማየት 2 ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ከሥር ገብቼ ሳይ ከሞተሩ እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ ባዶ ቱቦ ነው፤ የጭሱን ጥቀርሻ የሚይዘው ማጣሪያ የለም! «ጉልበት እንዲጨምር ነው ያወጣሁት» ይለኛል ሻጩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ታዲያ በስልክ ስጠይቅህ «ሁሉም ኦሪጅናል ነው» ያልከኝ ለምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ሞዴል ወዲህ ያለ ከባድ የናፍጣ ፒክአፕ ከፋብሪካ የጥቀርሻ ማጣሪያ ይዞ ነው የሚወጣው። ማውለቁ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። የጭስ ምርመራ ካላለፈ ሰሌዳው አይታደስም። መልሶ ማስገጠሙ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል። ያንን ማን ይክፈል? እኔ? በስልክ እውነቱን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? የአንድ ቀን ሥራዬን እኮ ነው ያስቀረህብኝ!