ሦስት ጊዜ ከፈልኩ፤ ቱቦውን ግን ማንም አላየልኝም

በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱን የፍሳሽ ቱቦ ለማስከፈት ሦስት ጊዜ ገንዘብ አወጣሁ። ሦስቱም ባለሙያዎች የመጡት ያንኑ የሚሽከረከር ረጅም ሽቦ ይዘው ነው። ሽቦውን ሰደዱት፣ አሽከረከሩት፣ ውሃው ሲወርድ «ተከፍቷል» አሉኝና ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ጥቂት ወራት አለፉ፤ የመጸዳጃ ቤቱ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር የሻወሩ መውረጃ ማጉረምረም ጀመረ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ፍሳሹ በሻወሩ ወለል በኩል ተመልሶ ወጣ። ልጆቼ የሚታጠቡበት ቦታ ነው።

አንድ መውረጃ ብቻውን ሲዘጋ ችግሩ እዚያው አጠገቡ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲያስቸግሩ ግን የታመመው ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ዋና ቱቦ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እነርሱ ግን ሙያቸው ነውና ከመጀመሪያው ቀን ያውቁታል። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

አራተኛው ሰው ካሜራ ይዞ መጣ። ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ታየ። አሮጌ የሸክላ ቱቦ ነው፤ በየመጋጠሚያው የዛፍ ሥር እንደ ጢም ገብቶ ተንዠርግጓል፤ መሃል ላይ ደግሞ ቱቦው ሰምጦ ውሃ አቁሯል። ሽቦ ሥሩን ይቆርጠዋል እንጂ የገባበትን ስንጥቅ አይደፍነውም፤ ሥሩም እርጥበቱን ተከትሎ ተመልሶ ያድጋል። የሰመጠውን ክፍልማ የትኛውም ሽቦ ቀና አያደርገውም። ለካሜራው የከፈልኩት ለሦስቱ ጠረጋ ካወጣሁት በጣም ያንሳል። አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው።

ከዚያ የማስቀየሪያው ዋጋ መጣ። እኔ የቱቦ ዋጋ መስሎኝ ነበር። ቱቦው ከሁሉም ርካሹ ነገር ነው! ገንዘቡን የሚበላው መሬቱ ነው። ከቤቱ እስከ ከተማው ዋና የፍሳሽ መስመር 20 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር፣ የቦዩ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር። ይህ 18 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ ክብደቱ ወደ 30 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ የቦዩ ግድግዳ በሠራተኛ ላይ እንዳይናድ መደገፍ፣ አሸዋ አንጥፎ ቱቦውን ማስተኛት፣ መልሶ ሞልቶ በየደረጃው መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ተዳፋቱም በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል፤ ያነሰ እንደሆነ ውሃው እያዘገመ ደረቁን ቆሻሻ ጥሎት ያልፋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ መክፈል አያስቆጨኝም። ከቦይ ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ሰው ላቡ ሊከፈለው ይገባል።

የሚያስቆጨኝ ዋጋው የሚቀርብበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት አንድ መስመርና አንድ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ «ቱቦ መቀየር» ይላል። የግቢው ኮንክሪት ሲፈርስ መልሶ መሥራቱ አለበት? የለም። የተረፈውን አፈር ማንሳትስ? የለም። ፈቃዱ? እሱም የለም። እየጠየቅሁ በሄድኩ ቁጥር ዋጋው እያበጠ ሄደ። ያልጠየቅሁት ቢኖር ኖሮ ቦዩ ተከፍቶ፣ ቤተሰቡ መጸዳጃ አጥቶ፣ እምቢ ለማለት በማልችልበት ሰዓት ይነገረኝ ነበር።

ሌላኛው ደግሞ «ሳንቆፍር እንጨርስልሃለን» አለኝ። በሚጠጥር ሙጫ የተነከረ ጨርቅ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ አስገብቶ አዲስ ግድግዳ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ዘዴው መልካም ነው፤ ስንጥቅንና የሥር መግቢያን ይደፍናል። ግን የአሮጌውን ቱቦ ቅርጽ ይዞ ስለሚጠጥር የሰመጠው እንደሰመጠ ይቀራል። ዘዴው ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ውስጥ የተሠራው በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህን ጉድለቱን የማያውቅ ባለሙያ የለም። ሰውዬው የካሜራውን ምስል አይቷል። የሰመጠውን ቦታ በጣቴ አሳይቼዋለሁ። አይቶም ሊሸጥልኝ ፈለገ።

የቤት መድን ብዬም አሰብኩ። ውሉን ሳነበው በእርጅናና በዛፍ ሥር የሚመጣ ጉዳት ከሽፋኑ ውጭ ነው።

በመጨረሻ አስቆፈርኩ። ሥራውን የሰጠሁት እያንዳንዱን ነገር ለይቶ ለጻፈልኝ ሰው ነው፤ ርካሹ እርሱ አልነበረም። ቦዩ ከመሞላቱ በፊት ቱቦው ከቤቱ ማዕዘን ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ፣ የመጥረጊያ መክፈቻዎቹ የት እንዳሉ በሜትር ለክቼ ሣልኩት። ያ ሥሩ ቱቦዬን የበላው ዛፍ የተተከለው ልክ ከመስመሩ በላይ ነበር፤ የተከለው ሰው ከሥሩ ምን እንደተቀበረ የሚነግረው አንድም ወረቀት አልነበረውም። የእኔ ሥዕል አሁን ከቤቱ ሰነድ ጋር ተቀምጧል።