ቁጥሩን ጽፈው ዘወር ለሚሉት ምስጋና

አንዳንድ ሰው ሲጽፍ ለአንባቢው የሚያስብበት ነገር አይተውለትም። «ኤፕሪል 3» ይላል። «12 ኪሎ ግራም» ይላል። አለቀ፣ ደቀቀ። እንዲህ ዓይነቱን ንፉግ ዛሬ አላመሰግነውም።

ምስጋናዬ «03/04» ብለው ጽፈው ዘወር ለሚሉት ቸሮች ነው። አሜሪካዊው ያነባትና ማርች 4 ነው ይላል። እንግሊዛዊው ኤፕሪል 3 ነው ይላል። ሁለቱም ጥርጥር የላቸውም። አንደኛው ወር ቀድሞ ይመጣና ባዶ አዳራሽ ይጠብቀዋል። ጠሪውን ስትጠይቁት «ቀኑን ጽፌያለሁ እኮ!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ጽፏል።

ዓመት ሲጨመርበትማ ጉድ ነው። 03/04/05 ለአሜሪካዊው ማርች 4 ቀን 2005፣ ለእንግሊዛዊው ኤፕሪል 3 ቀን 2005 ነው። ዓመት ማስቀደም የለመደው ሃንጋሪያዊ ደግሞ ኤፕሪል 5 ቀን 2003 ሊለው ይችላል። በስድስት አሃዝ ሦስት ቀን! ቁጠባ ከተባለ አይቀር እንዲህ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ጠላት ከ13 ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። በፈረንጆቹ ካላንደር 13ኛ ወር ስለሌለ 13/04 የተጻፈ ዕለት ምስጢሩ ይወጣል። የየወሩ የመጀመሪያ 12 ቀናት ግን የግላቸው ናቸው። በ12 ወር 144 ቀን ይሆናል። 01/01፣ 02/02 እያልን ቢገለበጡም የማይለወጡትን 12 ቀናት እንቀንስላቸው። 132 ቀን ይተርፋቸዋል፤ ከዓመቱ ሲሶ በላይ መሆኑ ነው። ለግርግር ይህ ካልበቃ ምን ይበቃል?

መለኪያ ሳይጽፉ ቁጥር ብቻ የሚያቀብሉን ደግሞ ከእነዚህም ይበልጣሉ። የእነሱ ሥራ ሰማይ ድረስ ደርሷል።

በ1983 (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፤ ይቺን ብዘላት እኔም ከተመስጋኞቹ ተርታ እገባ ነበር) አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ወደ ኤድመንተን ለመብረር 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። አገሪቱ ከፓውንድ ወደ ሜትሪክ፣ ማለትም ወደ ኪሎ ግራም፣ እየተሸጋገረች ነው። የአውሮፕላኑ የነዳጅ ጌጅ ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ ያለው በእጅ ተለካና በሊትር ታወቀ። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመቀየር በ1.77 ተባዛ። ቁጥሯ ምንም እንከን የላትም፤ ብቻ የምታወጣው ፓውንድ ነው። ለኪሎ ግራም 0.8 ገደማ ነበር የሚያስፈልገው። ደግመው ቢያሰሉም በዚያችው በ1.77 ነበርና ሒሳቡ ልክ መጣ። ወረቀቱ 22,300 ይላል። ታንከሩ ውስጥ ግን የሚፈለገው ግማሽ እንኳ የለም።

ሞተሮቹ አየር ላይ ተራ በተራ ጠፉ። ደግነቱ ካፒቴኑ ሞተር አልባ ግላይደር ማብረር የሚያውቅ ሰው ነበር። ጊምሊ በምትባል ከተማ የቀድሞ አየር ኃይል ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፈው። ሜዳው ያን ዕለት የመኪና ውድድር ይካሄድበት ነበር። የሞተ ሰው የለም። ተመልካቹ ግን ያልከፈለበትን ትርኢት አይቷል።

ናሳ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም፤ በ1999 ማርስ ድረስ ወሰደው። አንዱ ወገን የግፊቱን መጠን በፓውንድ አስልቶ ላከ። ሌላው ኒውተን (የሜትሪኩ የኃይል መለኪያ) ነው ብሎ ተቀበለ። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው መንኮራኩር ከፕላኔቷ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ታልፋለች ሲባል ወደ 57 ወረደች። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ የለም።

ይህን ጨዋታ ለማበላሸት የተነሱ ሰዎችም አልጠፉም። በ1988 አይኤስኦ 8601 የሚባል ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደንብ ወጣ። መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ መጨረሻ ቀን፤ 2005-04-03። እንዲህ ሲጻፍ ክርክር የለም። ኮምፒውተር ላይ ፋይሎቹ ራሳቸው በየተራቸው ይሰለፋሉ። ጀግኖቻችን ግን በዋዛ የሚረቱ አይደሉም። ደንቡን አነበቡት። ወደዱትም። ሰረዟን ወሰዱና ዓመቱን አሳጥረው 05-04-03 ብለው ጻፉ።