ቶና ላይ የመጣው ኩባያ

የወሎ ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ደሴ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ከመሃላችን አንዲት ተከራይ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ ለሰው ለቅሶ ቀድማ የምትደርስ። አቦልን እንደ ሁላችን በሲኒ ጠጣች። ከዚያ አንድ ሕፃን ቦርሳዋን ሲጎትት የክኒን ብልቃጥ ተንከባሎ ወጣ። እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች። ማንም ትንፍሽ አላለም። ቶና ሲቀዳ ግን ለእሷ ብቻ የፕላስቲክ ኩባያ መጣ።

አየችው። "ይበቃኛል" ብላ ተነሳች። በረካን አልጠበቀችም።

እኔም ሲኒዬን ይዤ እዚያው ነበርኩ። "ኧረ በሲኒ ስጫት" ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም።

ኤችአይቪ በሲኒ አይተላለፍም! መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስንቴ ሰማነው? ዛሬ አብዛኛው ሰው በቀን አንዲት ክኒን ነው የሚውጠው፤ ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ ራሱን ሲገለብጥ ያቋርጡታል። ዶሉቴግራቪር ደግሞ ከሴላችን ዘረመል ጋር እንዳይጣበቅ ያግደዋል። ክኒኑን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነለት ሰው በግብረ ሥጋ እንኳ አያስተላልፍም። ለአልጋ ያላሰጋ ለሲኒ ያሰጋል?

ግን ቫይረሱ ጨርሶ አይጠፋም፤ ተደብቆ ይተኛል። ክኒኑ ከተቋረጠ በሳምንታት ውስጥ ይነሳል። እሷ አቋረጠች። የግቢው ሰው ሁሉ እጇን እያየ እንዴት ትዋጠው? ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስም ነበረባት፤ ከሦስቱ መድኃኒቶች ሁለቱ እሱንም ይዘውላት ነበር። ሲለቁት ጉበቷ ላይ ተነሳ። የሰማነው ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ የምጽፈውም እሷ ፈቅዳልኝ ነው።

እስላሙና ክርስቲያኑ ለቅሶና ሠርግ የሚካፈልበት አገር ነን እያልን እንኮራለን። ሲኒ ነፈግናት እኮ!

ተርፋለች፣ ክኒኗንም ጀምራለች። ሰፈር ግን ቀይራለች። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ለእሑድ ቡና ጠራኋት። "እስቲ አያለሁ" አለችኝ።

ዛሬ እሑድ ነው። ቡናው ተቆልቷል፣ ሲኒዎቹ ረከቦት ላይ ናቸው። በሩን በሩን አያለሁ።